ዘጠነኛውን ማን ቆጠረው?

የእኅቴን ልጅ የጃፓን የሥዕል ፊልም ፍቅር ይዞታል። እርሱና ጓደኞቹ «አኒሜ» ይሉታል። መብራት ባለ ምሽት ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ያመሻል፤ አይቶ ሲጨርስም ስለ ፊልሙ የተጻፈውን እያሳደደ ያነብባል፤ ያነበበውን ደግሞ እኔ ዘንድ ይዞ ይመጣል። ባለፈው ሰሞን ከአንድ ጓደኛው ጋር ሲሟገት ቆይቶ ተናዶ መጣ።

«ጋሼ፣ አንተ የወረቀት ሰው ነህ፤ እስቲ ፍረደን» አለኝ።

«በምን ጉዳይ?»

«የአኒሜ ወዳጆች አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉባኤ ያደረጉት መቼ ነው? እኔ በ1990 እላለሁ፤ እሱ በ1983 ይላል።»

የወረቀት ሰው ማለቱ የባንክ ሠራተኛ ስለሆንኩ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰነድ ከሰነድ ሳመሳክር እውላለሁ፤ ማታ የተረፈኝን ጊዜ ለግጥም እሰጣለሁ። ከሥራዬ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ «ከፍያለሁ» የሚል ሰው ሁሉ ውሸታም አለመሆኑን፣ ዳሩ ግን ደረሰኝ የሌለው ክፍያ በመዝገብ ላይ እንደማይሰፍር ነው። ሰውየው በእውነት ከፍሎ ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ግን የሰውየውን ፊት አያይም።

ነገሩን ሳጣራው ሁለቱም ልጆች ማስረጃ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1983 በቴክሳስ ግዛት፣ በዳላስ ከተማ፣ «ያማቶ ኮን» የተባለ ስብሰባ ተደርጎ ነበር። ስሙ የጠፈር የጦር መርከብ ከሆነችው ከያማቶ የተወሰደ ነው፤ የዚህች መርከብ ታሪክ የሆነው የጃፓን ተከታታይ ፊልም እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ «ስታር ብሌዘርስ» በሚል ስም በአሜሪካ ቴሌቪዥን ይታይ ነበርና በዚያ አገር ብዙ ወዳጅ አፍርቶ ነበር። በዚያችው በዳላስ፣ እ.ኤ.አ. በ1990፣ «ፕሮጀክት ኤ-ኮን» የተባለው ጉባኤ ተጀመረ። ይኸኛው በዓመት በዓመቱ እየተደገመ ለብዙ ዘመን ዘለቀ።

እንግዲህ ማን ነው የመጀመሪያው? በእኛ በባንክ ቤት ቋንቋ ብነግረው ይሻላል ብዬ እንዲህ አልኩት፦ አንድ ሰው ሒሳብ ከፍቶ አንድ ጊዜ ብር አስገብቶ ከሄደ፣ ሌላው ደግሞ ከሰባት ዓመት በኋላ ከፍቶ እስከ ዛሬ ቢያንቀሳቅስ፣ የመጀመሪያው ደንበኛ ማን ነው? «የተጠየቀው ምንድን ነው? መጀመሪያ የከፈተው ነው ወይስ ሳያቋርጥ የቆየው?» አለኝ። ፍርዱን ራሱ ፈረደ። ጠቡ በዓመተ ምሕረቱ አልነበረም፤ «መጀመሪያ» በምትለው ቃል ላይ ነበር። የስብሰባ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከሚወድቅባቸው ጉድጓዶች ይህ አንዱ ነው፤ ቃሉን ሳይበይን ቀኑን ይፈልጋል።

በዚህ ተለያይተን ቢሆን ኖሮ ይህችን ጽሑፍ ባልጻፍኳት። ልጁ ግን በር ላይ ደርሶ ተመለሰና፣ «እዚህ አሶሳስ እንደዚህ ሰው ከየአገሩ የተሰበሰበበት ነገር ነበር?» አለኝ።

«ነበረ እንጂ! ኅዳር 29 ቀን 2007 ዓ.ም. ዘጠነኛው የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን የተከበረው እዚሁ ነው። አንተ የአራት ዓመት ሕፃን ነበርክ።»

«ዘጠነኛ መሆኑን በምን አወቅህ?»

ውድ አንባቢ ሆይ፣ እውነቱን ልናገርና በዚያች ቅጽበት መልስ አልነበረኝም። «ሁሉም ሰው ያውቀዋል» ልል ከአፌ ደርሶ ተመለሰ። ይህን መልስ ከደንበኛ አፍ ብሰማው ኖሮ ፈገግ ብዬ፣ «ይቅርታ፣ ደረሰኙን ይዘው ይምጡ» ነበር የምለው።

ልጁ ያነሣው የጃፓኖች ነገር ስለሆነ፣ ወደ ራሳችን ከመግባቴ በፊት እነርሱ የራሳቸውን ስብሰባ እንዴት እንደመዘገቡ ላንብብ አልኩ። በዓለም ከታወቁት የሥዕል ታሪክ ወዳጆች ስብሰባዎች ትልቁ በቶኪዮ የሚደረገው «ኮሚክ ማርኬት» ነው፤ እነርሱ አሳጥረው «ኮሚኬት» ይሉታል። ሰዎች ራሳቸው ጽፈውና ሥለው፣ በራሳቸው ወጪ ያሳተሟቸውን መጻሕፍት እየተገበያዩ የሚገናኙበት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1975፣ በአንድ አነስተኛ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነበር። መጽሐፋቸውን ይዘው የቀረቡት ቡድኖች 32፣ የመጡት ሰዎች 700 ገደማ እንደነበሩ ተመዝግቧል።

እነሆ እኔን የገረመኝ፦ እነዚያ ወጣቶች በዚያ ቀን ታሪክ እንሠራለን ብለው አላሰቡም። ከሌላ ትልቅ ስብሰባ ጋር ተጣልተው የራሳቸውን ያቋቋሙ፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች የነበሩ ልጆች ናቸው። ነገር ግን ስንት ቡድን ጠረጴዛ እንደያዘ ጻፉ። ለምን ቢባል ጠረጴዛው የሚከራይ ነበርና። ታሪክ ልጻፍ ተብሎ ከተጻፈ ወረቀት ይልቅ ለሒሳብ ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ብዙ ጊዜ ይታመናል፤ ለትውልድ የሚጽፍ ሰው ያሳምራል፣ ለኪራይ የሚጽፍ ሰው ግን ይቆጥራል። (ይህን የሚለው የባንክ ሠራተኛ ስለሆነ ነው የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው።)

ሌላም ልማድ አላቸው። በስብሰባው ላይ መጽሐፍ የሚሸጥ ቡድን ሁሉ ለአዘጋጆቹ አንድ ናሙና ይሰጣል፤ ናሙናውም ይቀመጣል። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረውና እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 2006 ስብሰባውን የመራው ዮሺሂሮ ዮኔዛዋ፣ መጽሐፍና መጽሔት ሳይጥል የሚያከማች ሰው ነበር፤ ክምችቱ ዛሬ እ.ኤ.አ. በ2009 ቶኪዮ ውስጥ በሜጂ ዩኒቨርሲቲ በተከፈተ፣ በስሙ በተሰየመ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለአንባቢ ክፍት ሆኗል። አዘጋጆቹም እ.ኤ.አ. በ2005 የ30 ዓመት ታሪካቸውን ራሳቸው አሳትመዋል። የባለቤቱ መጽሐፍ ሁለት ጠባይ አለው፤ ከማንም በላይ ዝርዝሩን ያውቃል፣ ከማንም በላይም ራሱን ይወዳል። ስለዚህ ቀኑንና ቁጥሩን ከእርሱ እወስዳለሁ፤ «ታላቅ ነበር» የሚለውን ግን ከሌላ ሰው መስማት እፈልጋለሁ።

ቁጥሩም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ኮሚኬት በአራት ቀናት ውስጥ 750,000 ሰው አስተናገደ ተብሏል። ይህን የሰማ «ሰባት መቶ ሃምሳ ሺህ ሰው!» ብሎ ይደነግጣል። ነገር ግን ቁጥሩ የየቀኑ ገቢ ድምር ነው፤ አራቱንም ቀን የተመላለሰ ሰው አራት ጊዜ ተቆጥሯል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። የሚቆጥረው ግን ሰውን ሳይሆን ጉብኝትን ነው። በባንክም አንድ ደንበኛ በቀን አራት ጊዜ ቢመላለስ አራት ተገልጋይ ተብሎ ሪፖርት ሊደረግ ይችላል፤ ሥራ አስኪያጁ ደስ ይለዋል፣ ደንበኛው ግን ያው አንድ ነው።

ይህን ይዤ ወደ አሶሳ ተመለስኩ።

መጀመሪያ «ዘጠነኛ» የምትለዋን ቃል ያዝኳት። ኅዳር 29 የተመረጠችው ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀባት ዕለት ስለሆነች ነው። ዕለቲቱ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ተብላ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ውሳኔ መከበር የጀመረችው ግን በ1999 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያውም በዓል የተደረገው አዲስ አበባ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በዓሉ ከከተማ ወደ ከተማ ዞረ፤ በ2004 መቀሌ፣ በ2005 ባሕር ዳር፣ በ2006 ጅጅጋ፣ በ2007 አሶሳ፣ በ2008 ጋምቤላ። ከ1999 እስከ 2007 በጣቴ ስቆጥር፣ ሁለቱንም ጫፍ ጨምሬ፣ ዘጠኝ ሆነ። ተመስገን አልኩ። አንድ ሰው ግን 2007 ላይ 1999ን ቢቀንስ ስምንት ያገኛል፤ «ስምንተኛው አሶሳ ላይ ተከበረ» ብሎም ይጽፋል። ስሕተቱ የክፋት አይደለም፤ መቁጠርና መቀነስ አንድ ስለሚመስሉ ነው። የወለድ ቀን ሲሰላ የመጀመሪያው ቀን ይቆጠር አይቆጠር እየተባለ በባንክ ቤት ስንት ክርክር እንደሚነሣ የሚያውቅ ያውቀዋል።

በዚያ ላይ ሌላ ቁጥር አለ። 2007 ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት 20ኛ ዓመት ነበር። ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ስንጨዋወት፣ «ሃያኛው በዓል እኛ ከተማ መከበሩን አትርሱ» አለ። ሃያኛም ነው፣ ዘጠነኛም ነው፤ የሕገ መንግሥቱ ዕድሜ ሃያ፣ የበዓሉ ተራ ዘጠኝ። እነዚህን ሁለቱን ያልለየ ጸሐፊ ሌላውን ሁሉ በትክክል ቢጽፍ እንኳ አንባቢውን ያሳስታል።

ከቁጥር ወደ ቀን ስሻገር ነገሩ ባሰ። እኛ በሁለት ዘመን አቆጣጠር የምንኖር ሕዝቦች ነን። የ2007ቱ ኅዳር 29 በፈረንጅ ዲሴምበር 8 ቀን 2014 ነበር። ብዙ ሰው ታዲያ «ኅዳር 29 ማለት ዲሴምበር 8 ማለት ነው» ብሎ ይደመድማል። ሁልጊዜ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግሥት የሚገባው አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ ስለሚውል፣ በዚያ ዓመት ኅዳር 29 ወደ ዲሴምበር 9 ይገፋል። የ2004ቱ የመቀሌ በዓልና የ2008ቱ የጋምቤላ በዓል የዋሉት ዲሴምበር 9 ቀን ነው። የጋምቤላውን በዓል በፈረንጅ ቀን ዲሴምበር 8 ብሎ የጻፈ ሰው አንድ ቀን ሰርቋል። ለልጁ ይህን ሳስረዳው፣ እርሱም በተራው የኮሚኬትን የመጀመሪያ ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ሊመልስ ተቀመጠና ታኅሣሥ 12 ቀን 1968 አለ። 1968 ዓ.ም. የገባው ጳጉሜን ስድስት ሆና ስለነበር ታኅሣሥ 11 ነው። ሲሳሳት ደስ አለኝ፤ አጎት መሆን አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል።

ከሁሉ የከፋችው ወጥመድ ግን «2007» የምትለዋ ቁጥር ራሷ ናት። በበዓሉ ጊዜ አሶሳ ስንት ነዋሪ እንደነበራት ለማወቅ የፈለገ ሰው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ቢከፍት «በ2007 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት» የሚል ያገኛል፤ የከተማዋ ነዋሪ ከ24 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ነው። በዓሉ 2007፣ ቆጠራው 2007፤ ምን ቀረ? ነገር ግን ያ ቆጠራ የፈረንጁ 2007 ነው፤ በእኛ 1999 ዓ.ም. የተደረገው ማለት ነው። በቆጠራውና በበዓሉ መካከል ሰባት ዓመት ከመንፈቅ አለ፤ በዚያ መካከል አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፤ በ2003 ዓ.ም. በጉባ ወረዳ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተጥሏል፤ ከተማዋ ያቺው ከተማ አልነበረችም። ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ «ሃያ አራት ሺህ ሰው ያላት ከተማ እንግዶቿን እንዲህ አስተናገደች» ብሎ መጻፍ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ይወጣዋል። እውነት ግን አይደለም።

የስም ነገርም አለ። የከተማችን ሰው ሁሉ በዓሉን «ኢቲቪ አስተላልፎታል» ይላል። የአፍ ልማድ ነው። ድርጅቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ተብሎ ስለነበር፣ የዚያን ዕለት ፊልም ከመዝገብ ቤት የሚጠይቅ ሰው በአዲሱ ስም መጠየቅ አለበት። የጋዜጣውን ነገር ስናነሣ ደግሞ፣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን አለን፤ ለዕለቱ፣ ለእንግዶቹና ለንግግሩ የታመነ ምንጭ ነው። በአዋጅ ቁጥር 179/1991 መሠረት የኅትመት ውጤቶችን የሚሰበስበው፣ እኛ ዛሬም ወመዘክር የምንለው፣ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትም አለ። ይሁንና እነዚህ ሁሉ የሚመዘግቡት መድረኩን ነው። ከመድረኩ ወዲህ ያለውን ማን መዘገበው?

ወደ ራሴ ሣጥን ገባሁ። ከበዓሉ የተረፈኝ አንድ ካናቴራ፣ አንድ ፎቶግራፍና አንድ ግጥም ነው። ያን ጊዜ ገና የተመረቅኩ ወጣት ነበርኩ፤ በበዓሉ ሰሞን የበርታ ሽማግሌዎች ዙምባራ እየነፉ በሠፈራችን ሲያልፉ ሰምቼ እንቅልፍ አጥቼ አድሬ የጻፍኩት ነው። ዙምባራ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ ትልቅና ትንሽ ሆኖ ይሠራል። እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ እንጂ ሙሉ ዜማ የለውም፤ ነፊዎቹ በየተራቸው ድምፃቸውን ሲያስገቡ ዜማው ይሞላል። ግጥሙ እንዲህ ይጀምራል፦

ጀንበር ስትጠልቅ ካሶሳ አደባባይ፣
ዙምባራው አስተጋባ ከምድር እስከ ሰማይ።

የቀረውን አላወጣውም፤ አንባቢ የለመነኝ ነገር የለም። እኔም ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ሁሉ ለጠየቀኝ ሰው «ጀንበር ስትጠልቅ ነበር፤ ሰማዩ ቀልቶ ነበር» እያልኩ ስናገር ኖሬአለሁ። ሰማዩን አሁንም አየዋለሁ።

ፎቶግራፉ ሌላ ነገር ይናገራል። ያነሣሁት እኔው ነኝ፤ ነፊዎቹ ተሰልፈው በአንድ ግንብ አጠገብ ሲያልፉ። ግርጌው ላይ ካሜራው ያተመው ቀን አለ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ይላል፤ ባትሪው ሲያልቅ ሰዓቱ ወደ መነሻው ተመልሶ ማንም አላስተካከለውም። ስለዚህ የታተመው ቀን ዋጋ የለውም። ዋጋ ያለው ጥላው ነው። ግንቡ ዛሬም ስላለ ፎቶውን ይዤ ሄጄ በቦታው ቆምኩ፤ የሰዎቹ ጥላ በሙሉ ወደ ምዕራብ ወድቋል። ፀሐይ በስተ ምሥራቅ ነበረች። ጧት ነበር።

እኔ ያየሁትን፣ እኔ የሰማሁትን፣ እኔው አሳሳትኩት። ቤት ለመምታት ነው ብዬ እንዳላመካኝ፣ ቤቱ የሚመታው በ«አደባባይ»ና በ«ሰማይ» ነው፤ «ጀንበር ስትወጣ» ብለውም ምጣኔው አይጎድልም ነበር። ስትጠልቅ ያልኩት ስትጠልቅ ስለሚያሳዝን ነው። ከዚያ ግጥሙን ደጋግሜ ሳነብበው ሰማዩ በአእምሮዬ ውስጥ ቀላ። ስለ አንድ ስብሰባ «እዚያ ነበርኩ» የሚል ምስክር ስንሰማ፣ ከዚያ በኋላ ምን ሲያነብብ እንደኖረም መጠየቅ ሳይኖርብን አይቀርም።

እንዲህ ስል የቃል ምስክርነት አይታመንም ማለቴ አይደለም። ይህ አገር ስለ ራሱ የጻፈው ወረቀት ጥቂት ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የበኒ ሻንጉልን ምድር አይቶ የጻፈው ሆላንዳዊው ሁዋን ማሪያ ስኹቨር መንገደኛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1881 ጀምሮ በዚህ አካባቢ ሲዘዋወር ያየውን ጻፈ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ሳይሆን በ1883 በደቡብ ሱዳን ምድር ተገደለ፤ ማስታወሻውም በሙሉ ታርሞ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። (ቁጥሩን ስጽፍ እጄ አንድ መቶ ዓመት ስቶ ነበር፤ እንዲያስተምረን ብዬ አልሰረዝኩትም።) ከእርሱ በኋላ ጣሊያናዊው የታሪክ ሊቅ አሌሳንድሮ ትሪውልዚ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ቤላ ሻንጉልና ስለ ወለጋ በሚናገረው መጽሐፉ የአገር ሽማግሌዎችን ቃል ከጽሑፍ ምንጭ ጋር አስተያይቶ ሠርቶበታል። ቃል የሚታመነው እንዲያ ሲያዝ ነው፤ ማን ተናገረ፣ የት፣ መቼ፣ ከማን ሰማ፣ ጉዳዩስ ምን ይጠቅመዋል ተብሎ ሲጠየቅ።

ስለዚህ በፎቶው ላይ ካሉት ነፊዎች አንዱን ፈልጌ አገኘኋቸው። ቤታቸው ከከተማው ዳር፣ በሽመል በታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። ፎቶውን ከእጄ ተቀብለው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«አባባ፣ ስንት ሆናችሁ ነበር?» አልኳቸው።

«12።»

ከዚያ በፊት ያነጋገርኳቸው ሌላው ነፊ 13 ብለውኝ ነበር። ይህን ስነግራቸው አልተቆጡም። ዓይናቸውን ጨፈኑና ዝም አሉ። በከንፈራቸው እየነፉ፣ በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ጥቂት ቆዩ። ለካ ዜማውን በሆዳቸው እየተጫወቱ የእያንዳንዱን ነፊ ተራ እየጠበቁ ነው። በመጨረሻ ዓይናቸውን ገለጡ።

«መሣሪያው 12 ነው። አንዱ ልጅ ታሞ በመንገድ ላይ በሌላ ተተካ። የነፋ ሰው ከተቆጠረ 13 ነው። እሱም አልዋሸም፣ እኔም አልዋሸሁም።»

የኮሚኬት ጉብኝትና ሰው ትዝ አለኝ። እኒህ ሽማግሌ ፊደል ሳይቆጥሩ መሣሪያንና ሰውን ለይተው ቆጠሩ፤ ምንጫቸውም እኔ ከያዝኩት ፎቶ የሚያንስ አይደለም፤ ከመካከላቸው አንዱ ቢጎድል ዜማው ያነክሳልና ጆሯቸው ይነግራቸዋል።

«ወረቀት ላይ እንዴት ተጻፋችሁ?» አልኳቸው።

«‘የበርታ ብሔረሰብ የባህል ቡድን’ ተብሎ። ጥሩ ነው። ስማችን ግን የለም።» ከዚያ ጥቂት ቆይተው፣ «አንተስ ስሜን ትጽፈዋለህ ልጄ?» አሉኝ።

እጽፋለሁ አልኳቸው፤ ጻፍኩም። የ12ቱን መሣሪያዎች ቅደም ተከተልና የ13ቱን ነፊዎች ስም ከነአባታቸው በደብተሬ አስፍሬአለሁ። እዚህ የማላወጣው የሁሉንም ቤተሰብ አስፈቅጄ ስላልጨረስኩ ነው። የሽማግሌውንም ፈቃድ ከራሳቸው ደግሜ ልጠይቅ አልቻልኩም፤ ባለፈው ክረምት አርፈዋል። ያነጋገርኳቸው መጋቢት ላይ ነበር። አምስት ወር አልሞላንም።

ሌላውን ምስክር ያገኘሁት በባንክ መስኮት ነው። ከካማሺ ዞን የመጣ ሰው ነው፤ በ2007 በጉሙዝ የባህል ጭፈራ ቡድን ውስጥ ሆኖ ወደ አሶሳ መምጣቱን ሲያጫውተኝ፣ ከሁሉም ክልል ጭፋሪዎች ጋር የተነሣቸው ፎቶዎች እንደነበሩት ነገረኝ። አልበም ሙሉ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በካማሺ ግጭት ሲነሣ ልጆቹን ይዞ ወጣ፤ አልበሙን አላወጣም። ይህን ያለኝ እያዘነ አልነበረም፤ ልጅና አልበም አይመዛዘንም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ፣ በ2013 ዓ.ም. ታኅሣሥ በመተከል፣ በቡለን ወረዳ የደረሰውን እልቂት ጨምሮ በክልላችን ያለፈውን ሁሉ ሳስብ፣ ከሞተውና ከተሰደደው ሰው ቀጥሎ ስንት አልበም እንደነደደ ማሰቤን አልተውኩም። በአንድ ሜዳ ላይ አብረው የጨፈሩ ሰዎች አብረው ለመጨፈራቸው ማስረጃው የት ነው ቢባል፣ ከፊሉ በዚያ ነበር።

ደብተሬን አሁን የምይዘው እንደ ሒሳብ መዝገብ ነው። በአንደኛው ዓምድ የተባለው ነገር፣ በሁለተኛው ማን እንዳለው፣ በሦስተኛው ወረቀቱ፣ በአራተኛው ሁለተኛ ምስክር፣ በመጨረሻው ልዩነቱ። ልዩነት ሲገኝ አልሰርዝም፤ በባንክ ቤትም መዝገብ አይፋቅም፣ የተሳሳተው ሳይጠፋ ማስተካከያው ከጎኑ ይጻፋል። «ጀንበር ስትጠልቅ» የሚለው በቀይ እስክርቢቶ «ጧት፤ ጥላውን ተመልከት» ተብሎበት እዚያው አለ። የበዓሉ ታዳሚ ስንት ነበር ለሚለው ከሰባት ሰው ሰባት ቁጥር ሰምቼ ሰባቱንም ከነተናጋሪያቸው ጽፌአለሁ፤ አማካዩን አልወሰድኩም።

የእኅቴ ልጅ ደብተሩን ሲያገላብጥ አይቼው ነበር። ባለፈው እሑድ ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ ከአንድ ልጅ ቤት ቴሌቪዥን ተውሰው፣ በእኛ ሳሎን የጃፓን ፊልም ሲያዩ ዋሉ። እኅቴ ቡና አፈላች፤ ቆሎም ቀረበ። ማታ ሲበተኑ አንድ ወረቀት አምጥቶ ደብተሬ ውስጥ እንዳስቀምጥለት ጠየቀኝ። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፏል። የታየው ፊልም ስም፣ ቴሌቪዥኑ የማን እንደሆነ፣ መብራት ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደጠፋ አለ። የመጡት 11 ናቸው፤ ሁሉም ፈርመዋል። ከአንዱ ስም አጠገብ «መብራቱ ሲመጣ የመጣ» ይላል።

ርእሱ ላይ «የመጀመሪያው» ብሎ ጽፎ ኖሮ ሰርዞታል። ከጎኑ «ያየነው» ብሎ አርሞታል።